ለአሮጌ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል የሚስማማ ካርቡሬተር ፍለጋ

[ምስል፦ ከሞተር የወጡ፣ አንድ ላይ የታሰሩ አራት ካርቡሬተሮች ጠረጴዛ ላይ]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው ስለ አሮጌ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክሎች ነው። እነዚያ ትልልቆቹ፣ ከፊት የንፋስ መከላከያ፣ ከጎን ሣጥን ያላቸው። ካርቡሬተራቸው (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) አልስተካከል ሲል የሚስማማ ሌላ ከየት ይገኛል?

መገኘቱስ ይገኛል። ችግሩ ብዙ ሰው ፍለጋውን ከተሳሳተ ጫፍ መጀመሩ ነው። "ጉሮሮው ስንት ሚሊ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ያው ቁጥር ያለበትን ገዝቶ ይመጣል። ሞተሩ ላይ ሲያስጠጋው አፉ አልገባ ይላል። ወይም ይገባና ሞተሩ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ በዝግታ መዞር) አልይዝ ይላል። የጉሮሮ፣ ማለትም አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ስፋት ከመመዘኛዎቹ አንዱ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው አይደለም።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ያለው ካርቡሬተር እውነት አብቅቶለታል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አላበቃለትም። ሞተር ሳይክሉ ለወራት ሲቆም ቤንዚኑ ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚደፈነው የሚኒሞው ጄት ነው፤ ቤንዚን እየለካ የሚያሳልፍ ትንሽ ብሎን። ቀዳዳው 0.35 ወይም 0.40 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ነገር ይዘጋዋል። ይኼ ታጥቦ የሚድን በሽታ ነው። አዲስ ካርቡሬተር መግዛት አያስፈልግም።

የማይድነው ሌላ ነው። አካሉ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከታች ያለው የቤንዚን ኩባያ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ብረቱን ከበላው፣ ሌላ ፈልጉ። የቢራቢሮው (የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክብ ሳህን) ዘንግም አለ። በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተወዛወዘ በዚያ በኩል አየር ይገባል። አየር እየገባ ደግሞ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይሠራም።

[ምስል፦ በቅርበት፣ ጣት ተንሸራታቹን ወደ ላይ ሲገፋ]

ይህቺን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። የአየር ማጣሪያው በሚገጠምበት በኩል ጣት አስገብተን ተንሸራታቹን፣ ጉሮሮው ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለውን ክፍል፣ እስከ ላይ ገፋነው። አፉ ጠርዝ ላይ ወደ ዲያፍራሙ (ተንሸራታቹን ወደያዘው ስስ ጎማ) ሥር የሚሄድ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለ። እሱን በሌላ ጣት ድፍን አድርገን ተንሸራታቹን እንልቀቀው። እዚያው ቆመ፤ ወይም ቀስ ብሎ ብቻ ወረደ። ጎማው ደህና ነው ማለት ነው። ዱብ ካለ ግን ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ ወይም ጠርዙ ቦታውን ስቷል። ዲያፍራም ብቻውን ይሸጣል። በአንድ ስስ ጎማ ምክንያት አራት ካርቡሬተር መጣል ያሳዝናል። አንዳንድ አሮጌዎች ላይ ጎማው ጭራሽ የለም፤ በብረት ፒስተን ነው የሚሠሩት። እነሱ ላይ መታየት ያለበት ፒስተኑ ሳይያዝ መውጣትና መውረዱ ነው።

አሁን እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና። በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ በብዛት የምናገኘው በአየር ስበት (በቫኪዩም) የሚሠራውን ዓይነት ነው። ጋዝ ስትሰጡ እጃችሁ የሚከፍተው ቢራቢሮውን ብቻ ነው። ተንሸራታቹን የሚያነሳው ሞተሩ ራሱ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ስበት ነው። ከተንሸራታቹ ሥር ሾጣጣ መርፌ ተንጠልጥሏል። ተንሸራታቹ ከፍ ባለ ቁጥር መርፌው ይወጣል፣ ቤንዚንም ይጨምራል።

ስለዚህ የስፕሪንጉ ጥንካሬ፣ የመርፌው ቅጥነትና የተንሸራታቹ ቀዳዳ በሙሉ ለአንድ የተወሰነ ሞተር የተለኩ ናቸው። ከሌላ ሞተር የመጣ፣ በሚሊ ሜትር ልክ ተመሳሳይ የሆነ ካርቡሬተር ትገጥማላችሁ። ሚኒሞ ላይ ደህና ይሠራል። ግማሽ ጋዝ ላይ ግን ይንገራገጫል። የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ደግሞ ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚያው መካከል ላይ ነው።

[ምስል፦ በአካሉ ጎን ላይ የተቀረጸ ኮድ፣ በባትሪ ብርሃን]

እንግዲህ ፍለጋው የሚጀምረው ከዚህ ኮድ ነው። ሞተሩን ከሚነካው ጠርዝ አጠገብ ወይም አካሉ ጎን ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። ቆሻሻውን ጥረጉና ፎቶ አንሱት። ሻጩ "የእናንተ ሞዴል ነው፣ እመኑኝ" ሲላችሁ ኮዱን አሳየኝ በሉት።

ለምን የሞዴሉ ስም አይበቃም? ሆንዳ ጎልድ ዊንግን ውሰዱ። ጂኤል 1000 የተባለው ሞዴሉ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ አራት ባለ 32 ሚሊ ኬሂን ካርቡሬተሮች ነበሩት። በ1978 ወደ 31 ሚሊ ወረዱ። ስሙ ያው ነው፣ ሞተሩም 999 ሲሲ ነው፣ ካርቡሬተሩ ግን ሌላ ነው። ጂኤል 1200 ላይ ደግሞ የ1985 ልዩ እትም ጭራሽ ካርቡሬተር የለውም፤ ቤንዚኑን በሚረጭ ኢንጀክሽን ነው የሚሠራው። ከ1988 እስከ 2000 የተሠራው ጂኤል 1500 ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ሳለ ካርቡሬተሩ ሁለት ብቻ ነው።

ጀርመኖቹም ጋ ይኸው ነገር አለ። ቢኤምደብሊው አር 100 አርቲ መጀመሪያ ባለ 40 ሚሊ ቢንግ ካርቡሬተር ነበረው። ከ1987 ጀምሮ በዚያው ስም ሲመለስ ባለ 32 ሚሊ ሆኖ መጣ። ልዩነቱ ስምንት ሚሊ ነው! ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ገንዘቡን አቃጠለ ማለት ነው።

ኮዱ ከተገኘ ቀጥሎ ካሊፐር ያዙ። የጎማ ማገናኛው ውስጥ የሚገባውን የካርቡሬተሩን አንገት ከውጭ ለኩ። ከአንዱ ጉሮሮ መሐል እስከ ቀጣዩ ጉሮሮ መሐል ያለውን ርቀትም ለኩ። ጎማ ትንሽ ይለጠጣል፣ ርቀቱ ግን አይለጠጥም። አራቱ አንድ ላይ የታሰሩ ከሆነ ጥቂት ሚሊ ልዩነት እንኳ ነገሩን ያበላሸዋል። የማዘንበያውን ማዕዘን አትርሱ። ተጋድሞ እንዲሠራ የተሠራ ካርቡሬተር በጣም አዘንብሎ ከተገጠመ ኩባያው ውስጥ ያለው የቤንዚን ደረጃ ይዛባል። ወይ ያፈስሳል፣ ወይ ቤንዚን ያጥረዋል።

የካቦ ነገርም አለ። አንዳንዱ የጋዝ ካቦ አንድ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። የቾኩ አያያዝም ይለያያል። ሞተሩ ለቤንዚን መክፈቻው ወይም ለኢግኒሽኑ ከካርቡሬተሩ ስበት የሚወስድ ከሆነ፣ አዲሱ ላይ ያቺ ቀጭን ቱቦ የምትሰካበት አፍ መኖሩን እዩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ከሌለች ቤንዚን ጭራሽ ላይወርድ ይችላል።

ስለ ጄት ቁጥር አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኬሂን ዋና ጄቱን የሚሰይመው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላው ካርቡሬተር ሠሪ፣ የሚኩኒ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ዋና ጄት ግን የሚሰየመው በደቂቃ በሚያሳልፈው የፈሳሽ መጠን ነው። ስለዚህ 120ን አውጥቶ በሌላኛው 120 መተካት አይሠራም። የብሎን ጥርሳቸውም ላይገጥም ይችላል።

ታዲያ ምን ምን አማራጭ አለ? የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ያው ኮድ ያለው አሮጌ፣ ከፈረሰ ሞተር ሳይክል የወጣ። ሁለት ስብስብ ቢኖራችሁ ከሁለቱ አንድ ደህና ይወጣል።

ሁለተኛው አማራጭ፣ ካቦው ራሱ ተንሸራታቹን የሚጎትትበት አዲስ ካርቡሬተር ነው። ሚኩኒና ኬሂን ጥሩ ጥሩ ሠርተዋል። ለእሽቅድምድም ግሩም ናቸው። ለረጅም መንገድ ግን አልመክርም። ስፕሪንጋቸው ጠንከር ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዝ የእጅ አንጓ ይደክማል። በዝቅተኛ ዙር በድንገት ጋዝ ሲሰጣቸውም ሞተሩ ሊያመነታ ይችላል።

ሦስተኛው አራቱንም አውጥቶ አንድ የመኪና ካርቡሬተር መግጠም ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ጎልድ ዊንጎች ላይ ይኼን የሚያደርጉ ጥቂት አይደሉም። እርስ በርስ የሚመጣጠን ነገር ስለሌለ ጣጣው ይቀንሳል። ግን ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ የሚሄድበት ቧንቧ ይረዝማል። ብርድ ሲሆን ቤንዚኑ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጠራቀማል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጉሮሮው ላይ በረዶ ሊሠራም ይችላል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለሚነሳ ተጓዥ ጥሩ ዜና አይደለም።

[ምስል፦ ራሱ የተበላ መስቀለኛ ብሎን]

አሮጌ ስትገዙ የብሎኖቹን ራስ እዩ። እንዲህ የተበሉ ከሆነ አንድ ሰው ባልሆነ ካቻቢቴ ታግሎባቸዋል። የጃፓን መስቀለኛ ብሎን ቅርጹ ከተለመደው በጥቂቱ ይለያል፤ ለእሱ የተሠራ ካቻቢቴ አለ። ቀጥሎ የኩባያውን የውስጥ ፎቶ ጠይቁ። "አልተከፈተም" የሚል ሻጭ ውስጡን አላየውም ማለት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

ስታድሱትም ከማደሻ ኪት ውስጥ ጎማዎቹንና ጋስኬቶቹን ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ የናስ ጄቶች ካልተበላሹ ግን አጥባችሁ መልሷቸው። የርካሽ ኪት ጄት ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀዳዳው ሁልጊዜ አይገናኙም። በሽቦም አትጎርጉሯቸው፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

ከመግጠማችሁ በፊት የተንሳፋፊውን (ኩባያው ውስጥ የቤንዚኑን ደረጃ የሚጠብቀውን) ከፍታ በሞዴሉ መጽሐፍ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ቤንዚን ሙሉበትና ጥቂት ሰዓት ተዉት። የተንሳፋፊው መርፌ ካፈሰሰ እዚያው ይታወቃል። ሞተሩ ላይ ሆኖ ቢያፈስስ ቤንዚኑ ሲሊንደር ሊሞላ ይችላል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም። ያኔ ማስነሻውን ሲጫኑት ቢየላ (ከፒስተኑ ጋር የተያያዘውን ዘንግ) ሊያጣምም ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን አሙቁት፣ በቫኪዩም መለኪያ አራቱን አመጣጥኑ፣ ከዚያ ሚኒሞውን አስተካክሉ። ጥሩ መንገድ ላይ ከነዱት በኋላ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ። ጥቀርሻ የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ አትንኩት። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ጄት ከመቀየራችሁ በፊት የዚያን ሲሊንደር የጎማ ማገናኛ ፈትሹ።