የ14 ዓመቷ ልጅ መርፌ፦ ወላጅ ለምን ያመነታል?

እንደምን ናችሁ! ደወሏን አሁኑኑ ተጫኑልን፣ ኋላ ይረሳል።

ዛሬ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ነው፣ የኤችፒቪ ክትባት፤ ኤችፒቪ ይህን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ነው። እናትና አባት ምን ሲሰሙ እሺ፣ ምን ሲሰሙ እምቢ ይላሉ?

ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ አለ እንበል። ሌባውን አይቶት አያውቅም። እናንተ የሌባውን ካፖርት ታመጡለታላችሁ። ካፖርቱን ብቻ! ውስጡ ሌባ የለም። ውሻው ያሸተዋል፣ ይጮህበታል፣ ይቦጫጭቀዋል። በኋላ ሌባው ራሱ አጥር ሲዘል ጠረኑን ያውቀዋል። ውሻው የሰውነት መከላከያ ነው፣ ሌባው ቫይረሱ፣ ክትባቱ ያ ካፖርት ነው፤ የቫይረሱ የላይ ልብስ፣ ባዶ ፕሮቲን። ሌባው ግን ቀድሞ ገብቶ ቆጥ ላይ ከተደበቀስ? ውሻው በር ላይ ቢጮህ ምን ዋጋ አለው! ከ9 እስከ 14 ዓመት፣ ቫይረሱ ሳይገባ ቀድሞ የሚሰጠው ለዚህ ነው። (በድመት አይሆንም፣ እንዳትሞክሩ።)

ቶሎ ቶሎ፦ የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 ከ100 የማኅፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን ያመጣሉ፤ መርፌው 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ክንድ ጡንቻ ላይ። በቃ።

አሁን ኮሜንታችሁ። «ለምን ሴት ብቻ? ለምን 14 ዓመት ብቻ? ሊያመክኗቸው ነው!» እዚህ ላይ እንቀመጥ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ስትጀምር የ14 ዓመት ሴቶችን ብቻ መረጠች። ምክንያቱ? ክትባቱ በዓለም ላይ አጥሮ ነበር። ለሁሉም ስለማይበቃ ዕድሜያቸው ሊያልፍ የተቃረበው ቀደሙ። ሴቶች የተመረጡት ይህ ካንሰር የሚይዘው እነሱን ስለሆነ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ወንዱም ሴቷም በ11 ወይም በ12 ዓመት ይወጋሉ። ውስጡ ዋናው ነገር ፕሮቲን ነው፣ አጋዥ የአሉሚኒየም ጨው አለ፣ ሆርሞን የለም። ማኅፀን እስከ ማውጣት የሚያደርሰው ካንሰሩ ነው እንጂ!

ግን ልንገራችሁ፣ የጠየቀው ወላጅ ሞኝ አይደለም። በዕድሜና በጾታ የሚመርጥ መርፌ አይቶ «ለምን?» ማለት ተገቢ ነው። መልሱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀድሞ ከጎረቤት ከመጣ ነው የሚበላሸው።

ሌላው የክትባቱ ቀን ጠዋት ነው። ቁርስ ያልበላች፣ ፀሐይ ላይ የተሰለፈች ልጅ መርፌ ስታይ ራሷን ትስታለች። ያዩዋት ጓደኞቿ ይከተሏታል። እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው «ልጆቹ ወደቁ» ሆኖ ሰፈር ይገባል። ቁርስ ትብላ፣ ተቀምጣ ትወጋ፣ ቀጥሎ 15 ደቂቃ እዚያው ትቀመጥ፤ ተረኞቹ እንዳያዩ መጋረጃ ይጋረድ። ክንዷ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያማት፣ ቀለል ያለ ትኩሳትም ሊኖራት ይችላል። ወላጅ ይህን ከዋዜማው ይስማ፤ ማታ ካወቀው ደንግጦ ነው።

ዙሩስ? መጀመሪያ ሁለት ነበር፣ በስድስት ወር ልዩነት። በመካከል ልጅቷ ትምህርት ቤት ትቀይራለች፣ ሁለተኛው ይቀራል። በ2015 ዓ.ም. ግን የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ዕድሜ አንድ ዙርም ይበቃል አለ። ካርዷን አትጣሉ፤ «ስንት ወሰደች?» ሲባል የሚመልሰው እሱ ነው።