ዘፈኑ ንግግሩን ይጨርስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ፣ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ነው። ትናንት ሌሊቱን በዲጄነት ስሠራ አድሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቴ ስመለስ በጆሮዬ የቀረው የመጨረሻ ድምፅ ዘፈን አልነበረም። አንድ ዘፈን አጉል ቦታ ላይ ሲቆረጥ ከጨፋሪዎቹ አፍ የወጣው «ኧረ!» የሚል ጩኸት ነበር። ዘፈኑን የቆረጠው ከእኔ በፊት ተራ የነበረው ወጣት ባልደረባዬ ነው። እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ እሠራ ስለነበር ልወቅሰው አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ስለሚያሳስበኝ ዛሬ ዘፈንን ሳያልቅ ስለ መቁረጥ ብቻ ልናገር ወስኛለሁ።

ባለፉት ዓመታት በከተማው ጭፈራ ቤቶችም ሆነ እኛ በምንሠራባቸው የዳር አገር ቤቶች፣ አንድን ዘፈን ከአንድ ደቂቃ በላይ ማጫወት እንደ ድክመት መታየት ጀምሯል። ዲጄው የመጀመሪያውን ስንኝና አንድ አዝማች ካሰማ በኋላ ማይክሮፎኑን አንስቶ ይጮኻል፣ ቀጥሎም ወደ ሌላው ይሻገራል። ጨፋሪው እንዳይሰለች ነው ይባላል። እኔ ግን ከመሣሪያዬ ጀርባ ቆሜ ሰውን ስመለከት የማየው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ የጭፈራ ዘፈኖቻችን ዋናውን ነገር የሚያስቀምጡት መጨረሻቸው ላይ ነው፤ ምቱ የሚፋጠነው፣ ተቀባዮቹ የሚበረቱት፣ ዘፋኙ ቃሉን ትቶ በድምፁ ብቻ የሚጫወተው እዚያ ነው። ጨፋሪው ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትከሻውን ቆጥቦ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ የሚጠብቀው ነገር ሊመጣ ሲል እንነጥቀዋለን።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የውጭው የዳንስ ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ፍራንሲስ ግራሶ የተባለው ዲጄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሁለት ሸክላዎችን ምት አገጣጥሞ ሳያቋርጥ ማጫወትን ካስለመደ በኋላ፣ ሙዚቃ አምራቾቹ ራሳቸው ለዲጄው የሚመች ሥራ ማዘጋጀት ጀመሩ። እንደ ትልቁ አልበም 12 ኢንች የሚሰፋው፣ በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ግን አንድ ዘፈን ብቻ በረጅሙ የሚቀረጽበት ሸክላ የመጣው በዚያው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ፍራንኪ ናክልስ ይሠራበት ከነበረው ዌርሃውስ ከተባለው ክለብ ስሙን የወሰደው ሃውስ የተባለው የዳንስ ሙዚቃ ስልት ደግሞ ይህን አሠራር ወደ ሥርዓት ለወጠው። የሃውስ ሥራ ብዙውን ጊዜ በባዶ ከበሮ ይጀምራል፣ በባዶ ከበሮም ያልቃል። ዜማው አራት አራት ምት ባላቸው ስምንት ስምንት ቤቶች፣ ማለትም በ32 ምት፣ ይከፋፈላል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ክፍል በትክክል 16 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ ዲጄው የሚወጣውን ሥራ የመጨረሻ ከበሮና የሚገባውን ሥራ የመጀመሪያ ከበሮ ደራርቦ፣ በአንድ ክፍል መባቻ ላይ የአንዱን ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን የታች ድምፅ፣ ዘግቶ የሌላውን ይከፍታል። ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ መክፈት ሁለት ሰዎችን በአንድ ወንበር እንደማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱም አይመቻቸውም፣ ወንበሩም ይንቋቋል። ያ ሙዚቃ ገና ሲሠራ የሚወጣበትና የሚገባበት በር አብሮ ተሠርቶለታል።

የእኛ ዘፈን እንዲህ ያለ በር የለውም። ብዙ ጊዜ በማሲንቆ፣ በክራር ወይም በኪቦርድ፣ ምት በሌለው መግቢያ ይጀምራል፤ ምቱ ሲገባ ድምፃዊውም አብሮት ይገባል፤ መጨረሻው ወይ በድንገት ይዘጋል ወይም ድምፁ እየቀነሰ ይጠፋል። ይህ ጉድለት አይደለም። ዘፈኑ የተሠራው በባንድ ፊት ለሚጨፍር፣ በኋላም ቤቱ ተቀምጦ ካሴት ለሚያዳምጥ ሰው ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ እንግዳው እስኪነጋ መውጣት በማይችልበት ወቅት እንኳ በሂልተን እንደ ዋልያስ ያሉ ባንዶች ሌሊቱን ይጫወቱ ነበር። በዚያ ጊዜ ዘፈንን ከዘፈን የሚያገናኘው ዲጄ አልነበረም፤ ላቡን የሚጠርገው ከበሮ መቺ፣ እስኪዘጋጅ ድረስ ኪቦርዱን ቀስ አድርጎ የሚዳስሰው ተጫዋች፣ በመካከልም ሰው የሚያወራበትና የሚስቅበት ፋታ ነበር። እኛ የወረስነው ሙዚቃ ይህን ፋታ በውስጡ ይዟል፤ ፋታውን ሙሉ በሙሉ ስንነሣው ዘፈኑ ይታፈናል።

የምት ቅርጽ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ገላን አካባቢ በነበረ አንድ ሠርግ፣ ከሃውስ ወደ እስክስታ በአንድ ጊዜ ለመሻገር ሞከርኩ። ሁለቱም በጆሮዬ በደቂቃ 120 ምት ነበሩ። ላፕቶፑ ግን እስክስታውን 90 ብሎ አነበበው፤ ሁለቱን ምት በራሱ የሚያገጣጥመውን የሲንክ ቁልፍ ስጫን ምቶቹ እንደተጋጩ መኪኖች ተደራረቡና ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ። ችግሩ የገባኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ችክችካ፣ ማለትም የእስክስታው ምት፣ አንዱን ዋና ምት ለሦስት ይከፍላል፤ ሃውስ ለሁለትና ለአራት ይከፍላል። በደቂቃ 120 ዋና ምት ያለው ችክችካ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስድስት ንዑስ ምቶች አሉት። እነዚህን እንደ ትከሻችን ሦስት ሦስት አድርጎ ከመቁጠር ይልቅ ሶፍትዌሩ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲቧድናቸው 180 ያገኛል፣ ሲገምሰውም 90 ይላል። ማሽኑ አልዋሸም፤ አገሩ የሚቆጥረውን አቆጣጠር አያውቅም እንጂ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ፍጥነቱን በእጄ እየመታሁ ራሴ እለካለሁ። ከሃውሱ በመጀመሪያ ሃይሃት የሚባለውን የሲምባል ድምፅና ጭብጨባውን፣ ማለትም ምቱን ለአራት የሚከፍለውን ላይኛውን ድምፅ ሁሉ፣ ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ በሚቀንሰው መቆጣጠሪያ፣ በኢኪው፣ ቀስ በቀስ አወጣለሁ። ዱም ዱም የሚለው ኪክ ብቻ ሲቀር፣ ያ ምት ለሁለትም ለሦስትም ሊከፈል የሚችል ገለልተኛ መሬት ይሆናል። በዚያ ላይ የችክችካውን ከበሮና ጭብጨባ አስገባለሁ። ለጥቂት ሰከንዶች የሰው ጉልበት ሃውስ ላይ፣ ትከሻው እስክስታ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ኪኩን እወስደዋለሁ። ይህች ቅጽበት በትክክል ስትሳካ የማገኘውን ደስታ ከምንም ነገር ጋር አላወዳድረውም።

የሲንክ ቁልፍን የሚጠሉ ጓደኞች አሉኝ፤ በጆሮው የማያገጣጥም ዲጄ አይደለም ይላሉ። እኔ አልጠላውም። በኮምፒውተር ለተሠራ፣ ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማይዛነፍ ሥራ ቁልፉን ብጠቀም ምንም አላጣሁም፤ እንዲያውም እጄ ለሌላ ሥራ ነፃ ይሆናል። በሰው እጅ የተመታ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአገራችን ዘፈን ግን በደስታ ይፋጠናል፣ በትዝታ ይዘገያል፤ እሱን በሶፍትዌሩ የእኩል ምት ፍርግርግ ላይ ማሰር ከበሮ መቺውን መካድ ነው። ስለዚህ እነዚህን ስጫወት ጣቴ ፍጥነቱን ከሚጨምረውና ከሚቀንሰው የፒች ማስተካከያ ላይ አይነሣም። በሌላ በኩል አንድ የሚናፍቀኝ አሮጌ ገደብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቴክኒክስ ሸክላ ማጫወቻ ፍጥነትን መጨመርም ሆነ መቀነስ የሚያስችለው እስከ 8 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያ ገደብ ውስጥ የሚሠራ ዲጄ በፍጥነት የሚቀራረቡ ሥራዎችን መፈለግ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ይለው ነበር። ዛሬ ላፕቶፑ በደቂቃ 112 ምት የሆነውን የደቡብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ፣ አማፒያኖን፣ ወደ 128 ያለ ምንም ተቃውሞ ይጎትትልናል። አማፒያኖ ግን ዝግታው ነው ውበቱ፤ ሰው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ያንን ወፍራም የሎግ ድራም ድምፅ የሚጠብቅበትን ጊዜ ካሳጠርነው የሚቀረን ጫጫታ ነው።

ስለ መጠበቅ ካነሣሁ አይቀር፣ ከብዙ ሌሊቶች ይልቅ ያስተማረችኝን አንዲት ሌሊት ላውራችሁ። የምንሠራበት አዳራሽ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቤዙን ትንሽ ካበዛሁት ሕንፃው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ አንድ የሠርግ ዘፈን መካከል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ልጅ ቁልፉን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃዎች ፈጁ። ሰዉ ግን አላቆመም። ጨለማው ውስጥ ጭብጨባው ቀጠለ፣ አንዲት ሴት አዝማቹን አነሣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እኔ በማይሠራ መሣሪያ ፊት ቆሜ አዳመጥኩ። በስልኬ ጭብጨባቸውን ተከትዬ ስመታ በደቂቃ 126 ደርሰው ነበር። እኔ ዘፈኑን የጀመርኩት በ118 ነበር። ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይጮኽባቸው፣ እርስ በርሳቸው እየተሰማሙ ስምንት ምት ጨምረው ነበር። መብራቱ ሲመጣ ያቋረጠውን ዘፈን አልቀጠልኩም፤ በእነሱ ፍጥነት የምትሄድ ሌላ ዘፈን መርጬ፣ ጭብጨባቸው ሳይቋረጥ በታች በኩል በኪክ ብቻ አስገባኋት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ፍጥነት የምጨምረው ዝርዝሬን አይቼ አይደለም፤ የሰውን እጅ አይቼ ነው። ማይክሮፎኑንም ከዚያ ወዲህ የማነሣው የጠፋ ልጅ ወይም የተረሳ ስልክ ለማስታወቅ ብቻ ሆኗል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም የቅኝት ጉዳይ ነው። አብዛኛው የዲጄ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ሥራ ሜጀር ወይም ማይነር የሚል መለያ ይሰጣል፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማም በቁጥር ያሳያል። ለሃውስ በጣም ይረዳል። ነገር ግን ፍጥነት ሲቀየር የድምፁ ከፍታም እንደሚቀየር መርሳት የለብንም፤ ከፍታውን ባለበት የሚያቆየው የድምፅ መቆለፊያ ካልበራ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ዘፈኑን በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። የእኛን ቅኝቶች በተመለከተ ደግሞ መለያው ከፊሉን እውነት ብቻ ይነግረናል። የትዝታ ሜጀር አምስቱም ድምፆች በተለመደው ሜጀር ውስጥ ስለሚገኙ፣ አብዛኛው ደስ የሚል ሃውስ ከሥሩ ሊነጠፍለት ይችላል። ባቲም ጥንቃቄ ከተደረገለት ይገባል። አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ድምፅ ብቻ ርቆ ስለሚቀመጥ፣ የፒያኖ ኮርድ የሚበዛበትን ሥራ ወዲያው ይቃወማል፤ ለእሱ ከበሮና አንድ ቀጭን ቤዝ ብቻ ያለው ሥራ እፈልጋለሁ።

አራተኛውን ቅኝት፣ አንቺ ሆዬን፣ ግን እስካሁን አላሸነፍኩትም። የሃውስ ቤዝ በተደጋጋሚ የሚያርፈው በመነሻው ድምፅና በተለመደው ሜጀር አቆጣጠር ከእሱ አምስተኛ በሆነው ድምፅ ላይ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ ያ አምስተኛ ድምፅ የለም፤ በቦታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ድምፅ አለ። ስለዚህ ቤዙ ባረፈ ቁጥር ከዘፋኟ ጋር ይጋጫል፣ የሠርግ ቤት ሽማግሌ ሳይቀር ፊቱን ያጨማድዳል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት በዚህ ቅኝት የተዘፈነ አንድ አሮጌ የሠርግ ዘፈን ይዤ፣ የማሲንቆ መግቢያውን ሳልነካ፣ ከምቱ በፊት 32 የባዶ ከበሮ ምት ጨምሬ፣ ፈጠን የሚለውን መጨረሻውን ደግሞ እንዳለ ትቼ ስሠራ ቆይቻለሁ። ከሥሩ ያደረግኩት ቤዝ አሁን መነሻውን ድምፅ ብቻ ነው የሚመታው፤ አምስተኛውን ሙሉ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። በሄድፎን ጥሩ ይመስላል። ቅዳሜ ሌሊት፣ አዳራሹ ሲሞላና ጭብጨባው ሲጠነክር እሞክረዋለሁ፤ ዘፋኟም እስከ መጨረሻው ትዘፍናለች።