ጥቁሩ የት ሄደ?

እሺ... መቅረጫው እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቀምጥ። ብርጭቆ፣ ውሃ፣ የቡና ፊልተር፣ ያ ቡና የሚጠለልበት ወረቀት። ፊልተሩ ላይ በማርከር የተሠራ ቡናማ ቀለበት አለ፤ ውሃው ሲደርስበት ቀለሙን ይለያየዋል። ይኼው... በመሃሉ የወረደው የወረቀት ክር ውሃውን ነካ። እናንተ አታዩትም፤ እኔ በየመሃሉ እያየሁ እነግራችኋለሁ።

ዛሬ የእንቁጣጣሹን ወረቀት እንጨርሳለን ተባብለን ነበር። ይቆየን። ያቺ ጥቁር ቀለበት አልለቀቀችኝም። ባለፈው ቀረጻ መጨረሻ ላይ ነክቼ ያለፍኩት ነው፣ «ጥቁሩ የት ሄደ?» ያለችዋ ልጅ ነገር።

ልጅቷ 6 ዓመቷ ነው። ፊት ለፊቷ የተዘረጋው ፊልተር ነጩ ነው፤ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያው የተሸበሸበ፣ ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መሃሉ በእርሳስ ጫፍ ተበስቷል። ከቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በሲኒ ቂጥ ልክ፣ በጥቁር ማርከር ወፈር ያለ ቀለበት። ከሌላ ፊልተር 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ፣ በቀዳዳው ወርዶ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ፊልተሩ ራሱ ብርጭቆው አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ውሃውን አይነካም። ይኼ ዋናው ነገር ነው። ቀለበቱ ውሃውን ከነካ ቀለሙ ወደ ዳር መሄዱን ትቶ ብርጭቆው ውስጥ ይፈስሳል፤ ሥራው እዚያ ላይ አለቀ። ስለዚህ ውሃው ከብርጭቆው ሦስት አራተኛ አይለፍ።

የኩራዝ ክር ታውቃላችሁ። ማንም ሳይገፋው ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል። ይኼም ያው ነው፤ በወረቀቱ ጭረቶች፣ ማለት ወረቀቱ በተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች፣ መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ውሃው ራሱን እየሳበ ይሄዳል።

ብዙም አይቆይም፤ ውሃው ቀለበቱ ጋ ደረሰ። የጥቁሩ ጠርዝ ጸጉር ማብቀል ጀመረ። ከዚያ ከጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊ ወጥቶ ቀደመ። ከኋላው ሐምራዊ። ከዚያ ሮዝ። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ እየነጣ፣ እየነጣ... ልጅቷ አፏን ከፍታ አየች አየችና «ጥቁሩ የት ሄደ?» አለች።

ከጎኗ የነበርነው ትልልቆቹም «ጠፋ! አየሽ? ጠፋ!» አልናት፤ በደስታ ነው ያልናት።

እና እሷ ምን አደረገች? ጎንበስ ብላ ብርጭቆው ውስጥ አየች። ውሃው ንጹሕ ነው። ከዚያ ፊልተሩን አንስታ ሥሩን ልታይ ስትል ዘመመ፤ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ ሰማያዊውና ሮዙ ተቀላቅለው እንደ ጭቃ ሆኑ። «አይ፣ ተበላሸ» ተባለ።

የማስበው ይሄንን ነው። ብርጭቆው ውስጥ ማየቷን። ጠፋ ከተባለች ሊጠፋ የሚችልበትን ቦታ ነው የፈለገችው፤ ታች ወርዶ እንደሆነ። ከሁላችንም ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው እሷ ናት። አልጠፋማ! አንድም አልጎደለም። ጥቁር የተባለው ራሱ ሰማያዊውና ሮዙ፣ አንዳንዱ ማርከር ላይ ደግሞ ቢጫውም ጭምር ነበር። ቀድሞም እዚያው ነበሩ።

...ቆይ፣ የእኛን ልይ። እርጥበቱ ከቀዳዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል። ቀለበቱን የሠራሁት ራቅ አድርጌ ስለሆነ ገና አልነካውም። መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር እየዘገየ ይሄዳል። በተለይ በበጋ፣ እዚህ ጎንደር ነፋሱ ሲደርቅ፣ ዳሩ ጋ ሲቃረብ ከሚሳበው ውሃ የሚተነው ይበልጥና ቀጥ ብሎ ይቀራል። ልጆች የሚሰለቹት ልክ እዚህ ጋ ነው። ትልልቆች ደግሞ ልክ እዚህ ጋ ከላይ ውሃ ያፈሳሉ። አታፍስሱ። ብርጭቆውን ከነፋስ ራቅ አድርጉት፤ ይበቃል።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ ለምን ይለያያሉ። የጥምቀት ዕለት ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ አስቡ። ሁሉም በአንድ ላይ ይነሣል። አንዱ መንገድ ላይ ዘመድ ባየ ቁጥር እየቆመ «እንዴት አላችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ ልጆቹስ» እያለ ይዘገያል። ሌላው ማንንም ሳያይ ከታቦቱ ኋላ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንድ ላይ ተነሥተው ተለያይተው ይደርሳሉ። ቀለሞቹም እንደዚያ ናቸው፤ ከወረቀቱ ጋር የሚጣበቀው ኋላ ይቀራል፣ ከውሃው ጋር የሚስማማው ቀድሞ ይሄዳል። ሩሲያዊው የዕፅዋት አጥኚ ሚካኤል ጽቬት በ1903 (እንደ ፈረንጆቹ) የቅጠልን አረንጓዴ በዚሁ መንገድ ለያይቶ አሳየ። እሱ በወረቀት አልነበረም፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በተሞላ ዱቄት ነው። ጽቬት ማለት ደግሞ በሩሲያኛ ቀለም ማለት ነው። የአባቱ ስም ነው እንግዲህ።

ግን ለ6 ዓመት ልጅ ይኼ ይነገራል? የጥምቀቱ ምሳሌ ራሱ... አላውቅም። ወረቀት ሰላም አይልም። ምናልባት «እስኪ አብረን እንፈልገው» ማለት ነበር የሚሻለው። ምናልባት።

ማርከሩን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱን ነው። በውሃ የሚታጠበው ዓይነት ብቻ ነው የሚሠራው። ካርቶንና ፕላስቲክ ላይ የሚጻፍበት የማይለቀው ማርከር በውሃ ንቅንቅ አይልም፤ እሱን የሚያሟሟው አልኮል ነው። እስክሪብቶም ዘይታማ ስለሆነ ያው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጥግ ላይ አንድ ነጥብ አድርጉና በምራቅ ጣታችሁን አርጥባችሁ ንኩት፤ ከተስፋፋ ውሰዱት። ጥቁር ሁሉም ደግሞ አይከፈልም፤ አንዳንዱ ከአንድ ቀለም ብቻ የተሠራ ነውና ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሩ።

የሶፍቱን ነገርማ ታውቁታላችሁ፤ በፊልተር ፈንታ ሶፍት ይሆናል አይሆንም እያልን ስንት ሳምንት ተከራከርንበት! ሶፍት ለምን እንደሚቀደድ አንዴ ልበለውና ይብቃ። ወረቀትን አንድ ላይ የያዘው የጭረቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ነው፤ ውሃ ሲገባ መያያዣው ይላላል። ፊልተር ግን የፈላ ውሃ እንዲያልፍበት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እርጥብ ሆኖም ጠንካራ ነው። ልጅ እርጥቡን አንስቶ ሊሰቅለው ይችላል። ሶፍት ላይ ቀለሙ ያማረ ይሆናል፣ ስታነሱት ግን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ፊልተሩን ሱፐርማርኬት ስትገዙ ነጩን ውሰዱ፤ ቡናማው ላይ ቢጫና ሮዝ አይታዩም። ሾጣጣውም ይሠራል፣ ግን መገጣጠሚያውን በመቀስ ካልከፈታችሁት ክብ አይሆንም። ሲታሸግ ደግሞ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ልጁ አንድ መስሎት ሁለት ይዞ ይቀባል። በጣታችሁ ዳሩን እሹት፣ ይለያያል።

እኛ ዘንድ እንግዲህ ፊልተር የቡና ዕቃ አይደለም። ጀበናው ማቶቱ ላይ ዘመም ብሎ ይቀመጣል፣ አተላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ይቀዳል። ጊዜ ነው የሚያጠልለው። ፊልተሩ ከየት መጣ ካላችሁ ከጀርመን ነው፤ ድሬስደን፣ በ1908 እንደ እነሱ አቆጣጠር። ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የቤት እመቤት ቡናዋ አተላ እየበዛበት ቢያስቸግራት የናስ ቆርቆሮ ታቹን በሳስታ፣ ከልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ቀለም መምጠጫውን ወረቀት ቀድዳ አነጠፈችበት። ከልጅ ደብተር! ያ ወረቀት መጀመሪያም ሥራው ቀለም መምጠጥ ነበር። እኔ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ልጆች ፊልተር ላይ ቀለም ሲያደርጉ የራሳቸውን ወረቀት ነው የወሰዱት።

እ... የእኛ ሊደርስ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቀርቶታል።

ጥላውን ልናገር እስከዚያ። የጥምቀትን ጥላ። ፊልተሩን ሳትዘረጉት ገልብጡት፤ ተሸብሽቦ የወረደው ዳር ራሱ የጥላው ዘርፍ ነው። ሠርቶ የሰጣችሁ ያህል ነው። በደረቁ ቀቡት፦ አናቱን ቀይ፣ ወገቡን ቢጫ፣ ዳሩን አረንጓዴ። በቀለሞቹ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ነጭ ተዉ። ቀይና አረንጓዴ አይነካኩ፤ ከተነካኩ ቡናማ ይሆናሉ፣ ሐምራዊና ቢጫም እንደዚያው። ከዚያ በተገለበጠ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉት፤ በሳህኑና በፊልተሩ መካከል ፌስታል ይኑር፣ አለዚያ ይጣበቃል።

ውሃው መርፌ በሌለው ባለ 2 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ። ሦስት ጠብታ... አሁን አብራችሁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሦስት ጠብታ፣ እስከ 20 መቁጠር፣ ሦስት ጠብታ። ለአንድ ፊልተር አንድ ስሪንጅ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ የሚይዘውን ያህል ይዟል፤ የተረፈው ቀለሙን ይዞ ትሪው ላይ ይወርዳል፣ ሽብሽቡም ተከፍቶ ጥላው እንደ ሻሽ ይተኛል። ግማሽ ሲደርቅ ሽብሽቡን አንድ በአንድ በጣት መልሱ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ አይመለስም፣ ገና እርጥብ ሳለም አይቆምም። ግማሽ ሲደርቅ ነው።

ዘንጉ እንግጫ ወይም ቀጭን እንጨት፣ 20 ሴንቲ ሜትር። ቀጥታ ከጣበቀ አናቱን በስቶ ይወጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ክብ ካርቶን ቁረጡና ከውስጥ በኮላ ለጥፉ፤ ዘንጉ ካርቶኑ ላይ ይለጠፍ። ኮላው ደረቅ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። መቸኮል የሚያበላሸው እዚህም ነው።

ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ደግሞ እርዱ ነው። አንድ ሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በአንዱ ፊልተር አጥልሉት። ሌላውን ፊልተር ንከሩበትና ጥላ ቦታ አድርቁ፤ የእርድ ቢጫ ፀሐይ አይወድም፣ ይጠፋል። ይኼኛው እውነትም ይጠፋል። ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ጫፉን በክቡ ብትቆርጡት ስትዘረጉት ስምንት ቅጠል ያለው አደይ አበባ ይወጣል፤ መቀሱ የታጠፈውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እንዳይቆርጥ፣ አበባው ይበታተናል። ከዚያ ስቲኪኒ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ የልብስ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሳሉበት። ቢጫው ቀይ ይሆናል! ሎሚ ጠብ ሲልበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ቀለም ሳይጨመርበት። ነጭ ልብስ የለበሰ ልጅ ግን መጀመሪያ አሮጌ ሸሚዝ ይደርብ።

...

እዚህም ያ ጥያቄ ይመጣል አይደል። «ቀዩ የት ሄደ?» እዚህ ግን መልሱ ሌላ ነው። እዚህ ቀዩ ተደብቆ አልነበረም፤ ራሱ እርዱ ነው የተለወጠው። ጥቁሩ ተለያየ፣ እርዱ ተለወጠ፣ ፀሐይ ላይ የዋለው ደግሞ በእርግጥ ጠፋ። ሦስት የተለያየ ነገር። እኛ ለሦስቱም አንድ ቃል ነው ያለን፤ «ጠፋ» ብለን እናልፋለን። ልጅቷ ያንን... ከአንድ ወረቀት ላይ ይሄን ሁሉ ልታወጣ ትችል ነበር እኮ። ወይም ላታወጣ ትችላለች። ደክሟትም ይሆናል።

እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በፊልተር እንሥራ ያላችሁ አላችሁ። ክንፉ ቀላል ነው፤ አንድ ፊልተር ለሁለት ተቆርጦ፣ ፊቱ ክብ ካርቶን፣ 5 ሴንቲ ሜትር። ዓይኑ ነው የሚከብደው። ዓይኑን በማይለቀው ማርከር ነው መሳል ያለበት፤ አለዚያ ልጁ በላብ እጁ ሲነካው መልአኩ ያለቀሰ ይመስላል። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ነካው! ቀለበቱን ነካው።

ጠርዙ... ገና ቡናማ ነው። ትንሽ ቆይ። ወደ ውጭ የወጣው... ሮዝ? ብርቱካናማ ይመስላል። ከኋላው ደግሞ ሰማያዊ ነገር አለ። አረንጓዴ ነው? ከዚህ አይለይም፤ መብራቱ ቢጫ ነው። ወደ መስኮቱ ላንሳው እና... አይ። ካነሣሁት ይዘምማል።

ቁጭ ይበል። ዳሩ ጋ ለመድረስ 4 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል፤ 1 ሲቀረው ነው የማወጣው፣ ዳሩን ከነካ ሁሉም እዚያ ይከማቻል። እስከዚያ ድረስ... ሰማያዊው እየጨመረ ነው መሰለኝ። ወይም ቀለበቱ ነው የቀጠነው...