ነጩስ ይሰጣታል? ስለ ሕፃናትና እንቁላል የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሕፃናት ምግብ ሰዓታችንን ለእንቁላል ሰጥተን ነበር። ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ከባሕር ዳር ከተማ፣ ከዘጌ፣ ከመሸንቲ፣ ከወረታ ደውላችኋል። በአየር ላይ በጥድፊያ የነካካኋቸውንና ሰዓት ስለሞላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ዘርዘር አድርጌ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ (እናት፣ ከሽምብጥ)፦ ልጄ 6 ወር ሞላት። አስኳሉን ብቻ ስጫት፣ ነጩን ዓመት እስኪሞላት እንዳታስነኪያት ይሉኛል። እውነት ነው?

ነጩንም ስጫት፣ እህቴ። 6 ወር የሞላት ልጅ ሙሉውን እንቁላል መብላት ትችላለች።

የነገሩሽ ሰዎች ከራሳቸው አላመጡትም። ድሮ የጤና ባለሙያውም እንዲያ ይመክር ነበር። አለርጂ የሚቀሰቅሱት ፕሮቲኖች በብዛት ያሉት ነጩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዘግይቶ ከተጀመረ አለርጂው ይቀራል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ አልያዘም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ማዘግየትን መምከር ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ዓመት አካባቢ ደርሰው እንቁላል የጀመሩ ልጆች ቀድመው ከጀመሩት ይልቅ አለርጂ እንደሚበዛባቸው አሳየ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ልጅሽ ደህና በሆነችበት ቀን፣ ጠዋት ስጫት። ጠዋት ያልኩት ቀኑን ዓይንሽ ሥር እንድትውል ነው። በደንብ ከበሰለ እንቁላል ነጩንም አስኳሉንም ደባልቀሽ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ታቀምሻታለሽ። ምንም ካልሆነች በማግስቱ ትንሽ ጨመር። እንዲህ እያልሽ ሙሉ እንቁላል ላይ ትደርሻለሽ። ከለመደች በኋላ አታቋርጪባት። 6 ወር ሳይሞላት ግን ከጡት ወተት ሌላ ምንም አያስፈልጋትም ነበር፤ ይህንን ለታናሿም ያዢው።

ጥያቄ (አባት፣ ከቀበሌ 14)፦ ጠዋት ልጁን የምመግበው እኔ ነኝ። ስንት ደቂቃ ልቀቅለው? እኔ ራሴ መሃሉ ለስለስ ያለ ነው የምወደው።

ወንድሜ፣ የአንተን እንደወደድከው ብላ። የልጁ ግን ነጩም አስኳሉም ጠጥሮ ይብሰል። ምክንያቱ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ከቅርፊቱ ውጭም፣ አንዳንዴ ከውስጥም ሊኖር ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ሕፃን ላይ ግን ፈሳሽ አሟጦ ለአደጋ ያደርሳል።

ስለ ደቂቃው አንድ ነገር ልብ በል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው 8 ወይም 9 ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ የቆላና የባሕር ዳርቻ አገር ልክ ነው። አንተ ውኃው መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ቁጠር። ከዚያ ለሁለት ክፈለው። አስኳሉ እስከ መሃሉ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ በስሏል። መሃሉ ላይ ጠቆር ብሎ የሚያብለጨልጭ እርጥብ ነገር ካየህ ገና ነው። አንዳንዶቻችሁ አስኳሉን ዙሪያውን የከበበ አረንጓዴ ቢጤ ቀለበት አይታችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥላላችሁ። አትጣሉት። ብዙ ሲቀቀል የነጩ ድኝና የአስኳሉ ብረት ተገናኝተው የፈጠሩት ቀለም ነው፤ ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ አመጋገቡ። ለእኔ ከሳልሞኔላ እኩል የሚያስፈራኝ ትንታ ነው። የደረቀ አስኳል ምራቅ ይመጥና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ በሹካ ፈጭተህ፣ የታለበ የጡት ወተት ወይም ፈልቶ የበረደ ውኃ ጠብ እያደረግክ፣ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ እስኪሆን አላላው። ገንፎ ውስጥ መጨመርም ጥሩ ነው። እንቁላሉን መትተህ ገንፎው እሳት ላይ እያለ ጨምረህ እያማሰልክ አብስለው። ገንፎው ወጥቶ ከቀረበ በኋላ ጥሬውን ጨምሮ ማማሰል አይበቃም። ማኘክ ለጀመረ ልጅ በጣቱ የሚይዘው ቀጭን ቁራጭ ይሆናል። ድቡልቡሉን እንዳለ ግን ለትንሽ ልጅ በፍጹም አትስጡ። ተቀምጦ ይብላ፤ ተኝቶ ወይም እየሮጠ አይሁን። ሰው አጠገቡ ይኑር። ዓመት ላልሞላው ጨውም በርበሬም አያስፈልገውም።

ጥያቄ (አያት፣ ከዘጌ)፦ እንቁላል የበላ ሕፃን አፉን ቶሎ አይፈታም ሲባል ነው የኖርነው። ለልጅ ልጄ እሰጋለሁ።

እናቴ፣ ስጋትዎ ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል። ግን እንቁላል ምላስ አያስርም። እንዲያውም ለአንጎል ዕድገት የሚያስፈልገው ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ከሚገኝባቸው ምግቦች አንዱ እንቁላል ነው። ልጁ ንግግር ከዘገየበት መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ከኋላው ሆነው ስሙን ይጥሩት፤ ካልዞረ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በእንቁላል እያመካኘን ስንቆይ ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ አለና እባክዎ ይህን ለጎረቤትም ይንገሩልኝ።

ጥያቄ (እናት፣ ከአባይ ማዶ)፦ ልጄ 8 ወሩ ነው። በጾም ወቅት እንቁላል መቀቀል ይከብደኛል፤ ዕቃው ይነካካል። ፋሲካ እስኪደርስ ባቆይለት ምን ይሆናል?

ብዙ ቤት ያለው ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል። ሰው በግልጽ ስለማያወራው ነው እንጂ።

ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጅ ጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ ነው። ልብሽ ካላረፈ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ችግሩ ያለው ሃይማኖቱ ላይ ሳይሆን ድስቱ ላይ ነው። መፍትሔውም እዚያው ነው። ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ከነክዳኗ፣ አንድ ሹካና አንድ ማንኪያ ለዪ። እንቁላል ከነቅርፊቱ ሲቀቀል ደግሞ ዕቃ አያቀባም፤ ማጠቡም አያስቸግርም።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ለእኔና ለአንቺ ያልፋል። የ8 ወር ልጅ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ 10 ወር ሊሞላው ነው። ቁመቱም አንጎሉም በፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ ነው፤ ፋሲካ ላይ በአንዴ አይካካስም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው? የመቀንጨር መነሻው ብዙ ነው። ቤት ውስጥ እንቁላል እያለ ልጅ ሳይበላው መቅረቱ ግን ነገ ጠዋት ማስተካከል የምንችለው ነገር ነው። ሌላውም ያው ነው፤ ዶሮዋ የጣለችውን ሁሉ ለቅዳሜ ገበያ የምታጠራቅሙ፣ ከመሸጣችሁ በፊት የልጁን ድርሻ አስቀሩለት።

ጥያቄ (እናት፣ ከወረታ)፦ በየቀኑ አንድ እንቁላል አይበዛበትም? ዋጋውም ከብዶናል።

አይበዛበትም። በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ላሉ ሕፃናት ለ6 ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ተሰጥቶ መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዘግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ በማላዊ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ወጣ። እዚያ በቁመት ላይ ለውጥ አልታየም። ጥናቱ የተሠራው ማላዊ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ልጆቹ ከመጀመሪያውም ዓሣ አዘውትረው የሚበሉ ነበሩ፤ እንቁላሉ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው። እንቁላል በተወደደ ቀን የቆሮሶ ዓሣ አለ። በደንብ ይቀቀል፤ ሥጋውን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሙት። ለልጁ የሚያስፈልገው በየቀኑ ከእንስሳት የሚገኝ አንድ ነገር ነው። ዛሬ እንቁላል፣ ነገ ዓሣ ቢሆን ምንም አይጎድልበትም። የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ ብላችሁም አትጨነቁ። የሐበሻው አስኳል ቢጫነቱ የሚደምቀው ዶሮዋ ቅጠላ ቅጠል ስለምትለቅም ነው። የፈረንጁ በመጠን ይበልጣል። ሁለቱም ይመግባሉ።

ጥያቄ (እናት፣ ስልክ የተቋረጠባት)፦ እንቁላል ከበላ በኋላ አፉ ዙሪያ ቀላ። 9 ወር ሊሞላው ስለሆነ የኩፍኝ ክትባቱንም ፈራሁ።

አፍ ዙሪያ ብቻ ቀላ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ቆዳው ምግቡ ስለነካው ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ባለሙያ እስኪያየው እንቁላሉን አቁሚ። የእንቁላል አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ጤና ተቋም ውሰጂው። ትንፋሹ ከተቸገረ፣ ሲር ሲር ካለ ወይም ከዛለ አንድ ደቂቃ አትጠብቂ፤ በባጃጅም በሰው መኪናም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ከባድ ችፌ ያለበት ልጅ ከመጀመሪያውኑ እንቁላል ከመቅመሱ በፊት ለሐኪም ቢታይ ይሻላል። ብዙዎቹ ልጆች አለርጂው እያደጉ ይተዋቸዋል።

የኩፍኝ ክትባቱን ግን በፍጹም እንዳታስቀሪበት። የእንቁላል አለርጂ ላለባቸው ልጆችም ይሰጣል። አስቀድሞ ለባለሙያው መነገር ያለበት የቢጫ ወባ ክትባት ሲሆን ነው።

ጥያቄ (አርሶ አደር፣ ከመሸንቲ)፦ ዶሮዎቹ ከእኛ ጋር ነው የሚያድሩት። ለሕፃኑ ችግር አለው? እንቁላሉንስ ከመቀመጡ በፊት እንጠበው?

ችግር አለው፣ ወንድሜ። በአገራችን ገጠር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው አግኝቷል። ዶሮዎቹ ሰው በሚኖርበት ቤት በሚያድሩበት ግን ተቃራኒው ታይቷል። የሚድህ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ኩሱንም ጭምር። ከቤት ወጣ ያለች፣ ሸለምጥማጥ የማይደፍራት ትንሽ ቆጥ ሥራላቸው።

እንቁላሉን ለማስቀመጥ ብለህ አትጠብ። ቅርፊቱን የሸፈነ ተፈጥሯዊ መከላከያ ስላለው ውኃ ያነሣዋል። ቆሻሻውን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጥ። ልትቀቅለው ስትል እጠበው። እጅህንም በሳሙና። የተሰነጠቀውን ለልጅ አትስጥ። ውኃ ላይ መንሳፈፉ የሚነግርህ ማርጀቱን ብቻ ነው፤ የሰጠመ ሁሉ ከባክቴሪያ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ (በአጭር መልእክት)፦ መናኸሪያ አካባቢ የሚሸጠውን ቅቅል እንቁላል ለ2 ዓመት ልጄ ብገዛለትስ?

የተላጠውን ተይው። ያልተላጠና ገና ትኩስ ከሆነ፣ እጅሽን ታጥበሽ ራስሽ ልጠሽ፣ ቆራርጠሽ ስጭው። ሚጥሚጣው ይቅርበት። ከተቀቀለ 2 ሰዓት ያለፈውና ፀሐይ ላይ የዋለው ግን አይሰጥ። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስ።