ጣት የምታክል እስስት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የተፈጥሮ ክበባችን ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ስለ እስስት ልናገር ነው የመጣሁት። ገና ስሟን ስጠራ ፊታችሁ ኮስተር ማለቱ ይታየኛል። አልፈርድባችሁም። በቋንቋችን እስስት ስድብ ናት። ጠዋት ያለውን ማታ የሚክድ ሰው ሲያጋጥመን «እስስት!» እንላለን። አክስቴም እዚሁ ዘጌ ቡና ለቀማ ስንወጣ፣ እስስት ካየች እጄን አፈፍ አድርጋ ትጎትተኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን አክስቴ ራቅ ብላ ስትለቅም እስስቷን ብቻዬን አገኘኋት። ቡና ቅርንጫፍ ላይ ነበረች። ተጠጋሁ። ጣቶቿ እንደ እንሽላሊት የተዘረጉ አይደሉም። በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው ሦስት ሆነው ተጣብቀው ቅርንጫፏን እንደ ጉጠት ይዘዋል። አንዱ ዓይኗ እኔን ያያል፤ ሌላው ዞሮ ከኋላዋ ያለችውን ዝንብ ይከተላል። አንድ እግሯን ታነሳና ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ነፋስ የነካው ቅጠል ነው የምትመስለው። ቆሜ ቆሜ አንድ ስንዝር አልሄደችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እስስት ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ካነበብኩት ውስጥ ልቤን የነካው የአንዲት ትንሽ እስስት ታሪክ ነው። አገሯ ማላዊ ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ራምፎሊዮን ቻፕማኖረም ይባላል። ትልቋ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። እስቲ ትንሿን ጣታችሁን እዩ፤ ያቺን ታክላለች። ጅራቷ አጭር፣ መልኳ ቡናማ ነው፤ የደረቀ ቅጠል ትመስላለች። ቀን ቀን ከዛፍ በረገፈው ቅጠል መካከል ትውላለች። ሲመሽ ዝቅ ያለች ጭራሮ ላይ ወጥታ ታድራለች። ያቺ ቡናማ ቆዳ አንዳንዴ ሰማያዊና አረንጓዴ ትሆናለች፤ ነጠብጣብም ጣል ጣል ይልባታል። የሚያጠኗት ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ስድቡ አንድ ነገር ልበል። እስስት የተቀመጠችበትን ነገር ቀለም እየቀዳች ታታልላለች ብለን ነው ያደግነው። በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የጄኔቫ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን አንድ የእስስት ዝርያ ቆዳ መርምረው ነበር። በቆዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ተደርድረው አገኙ። እስስቱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ይጠጋጋሉ፤ አረንጓዴ ይሆናል። ተቀናቃኝ አይቶ ሲቆጣ ወይም ሴት ሲያይ ይራራቃሉ፤ ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ይሄዳል። እንግዲህ ስሜቱን ቆዳው ላይ አውጥቶ የሚሄድ ፍጥረት ነው አስመሳይ ያልነው። እኔ ይህ ያሳዝነኛል።

ትንሽ መሆንም ድክመት አይደለም። የታንዛኒያ ተራሮች ላይ ሌላ ትንሽ እስስት አለች፤ የማላዊዋ የቅርብ ዘመድ ናት። ምላሷን ከሰውነቷ ርዝመት ሁለት እጥፍ ተኩል ድረስ ትወረውራለች። በ2016 የወጣ ጥናት የምላሷ ፍጥነት የሚጨምርበት ኃይል ከመሬት ስበት 264 እጥፍ መድረሱን ለካ። ምስጢሩ እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ነው፤ ጡንቻዋ አስቀድሞ ይወጥረዋል፣ ከዚያ በአንዴ ይለቀዋል። ከትልልቆቹ እስስቶች ይልቅ ይህን አብልጠው የሚችሉት ትንንሾቹ ናቸው።

ወደ ማላዊ ልመለስ። ይህቺ እስስት በሳይንስ የተመዘገበችው በ1992 ነው፤ የመዘገቧት ኮሊን ቲልበሪ ናቸው። የምትኖረው በደቡብ ማላዊ፣ ማላዊ ሂልስ በሚባሉ ኮረብቶች ላይ ባለ ደን ነው። ደኑ ለእርሻ ይመነጠር ነበር። ትጠፋለች ብለው የሰጉ ሰዎች በ1998 37 እስስቶችን ይዘው 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሄዱ፤ ሚኩንዲ በሚባል ቦታ ባለች ቁራጭ ደን ውስጥ ለቀቋቸው። 37 ብቻ! ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ በሕይወት አሉ።

የድሮው አገራቸው ግን ቀለጠ። ከ1984 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ከማላዊ ሂልስ ደን 80 በመቶው ጠፋ። በ2016 ክሪስታል ቶሊ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባትሪ ይዘው በሌሊት ፈለጓት። የመጀመሪያዋን ያገኟት የደኑ ጠርዝ ላይ ነው። እንዳለች ቢያረጋግጡም ዘረ መሏን ሲመረምሩ አንድ አስጨናቂ ነገር አዩ። በተለያዩት ቁራጭ ደኖች ያሉት እስስቶች መገናኘት አቁመዋል። ጣት ለምታክል፣ ጥላ ለለመደች ፍጡር፣ በሁለት ደኖች መካከል ያለ የበቆሎ ማሳ ከጣና አይተናነስም። ለመሻገር ታንኳ የላትም።

ይህን ለምን ዘጌ መጥቼ እንደምናገር ገብቷችኋል ብዬ አምናለሁ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደቡብ ጎንደር ቁልቁል እያየ የበረረ ሰው ያውቀዋል። መሬቱ ሁሉ ማሳ ነው፤ በመሃል በመሃል ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። አባቶቻችን ባይጠብቁት ያም አይኖርም ነበር። እዚህ ዘጌ ደግሞ በገዳሙ መሥራች በአባ በትረ ማርያም ቃል መሬቱ አይታረስም፣ ከብት አይረባም የሚለው ሥርዓት ቡናውንም ዋንዛውንም አቆየልን። ለዚህ አባቶችን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ነገር ግን አንድ ነጠብጣብ ብቻውን ደሴት ነው። የማላዊዋ እስስት ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ዛፉ ቆሞ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦ ከተመነጠረ፣ የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ከተቃጠለ፣ ትንንሾቹ ቤት የላቸውም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደናቸውን አጥረዋል፤ ከብት አይገባም፣ ችግኙ ከሥር ይበቅላል። በጣም ደግ ሥራ ነው። እኔ የምለምነው አንድ ደረጃ ጨምሩበት ነው። በሁለት ደኖች መካከል፣ በማሳ ድንበር ላይ፣ የሀገር በቀል ዛፍ መስመር ይተከል። ብሳና ይሁን፣ ግራዋ ይሁን፣ ወይራ። ባሕር ዛፍ አይሁን እንጂ የቱም ይሁን። ሰፊ ቦታ አይፈልግም፤ የአጥር ያህል ይበቃል።

የክበባችን ልጆች ዛሬ ማታ እስስት ፍለጋ ይወጣሉ። ቀን የማትታየዋ እስስት ማታ ቀላል ናት። ተኝታ ቀለሟ ይፈዛል፤ ባትሪ ሲያርፍባት ከጨለማው ውስጥ ነጣ ብላ ትታያለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ እንገናኝ። ባትሪ ያላችሁ አምጡ። ባትሪውን ዓይኗ ላይ አታቆዩባት፣ ከጭራሮዋም አታውርዷት። ቦታውንና ቁጥሩን ጽፈን ብቻ እንመለሳለን። አክስቴም እመጣለሁ ብላለች።