የፈረሱ ቲኬት ስንት ያስከፍላል?

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜን የሚያህል ቀን ለሂሳብ ብላችሁ አራት ኪሎ ድረስ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ብትዘልቁ ጃን ሜዳ አለ። አሁን በጥምቀትና በአገር አቋራጭ ሩጫ እናውቀዋለን እንጂ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳም ነበር። የዘንድሮ ወጣት ግን ፈረስ የሚያየው ውርርድ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ነው። ያ ፈረስ ኮምፒውተር የሳለው ነው። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ አይደክመውም። ገብስ አይበላም፤ ብር ግን ይበላል።

ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የጎረቤቴ ልጅ አንድ ደብተር ሙሉ ውጤት መዝግቦ መጣ። «ጋሼ፣ 4 ቁጥር ካሸነፈ ቀጥሎ 6 ቁጥር ነው የሚመጣው። በኤክሴል አረጋግጥልኝ» አለኝ። ልፋቱ አሳዘነኝ። የስክሪን ፈረስ ትናንትን አያስታውስም። አሸናፊውን የሚያወጣው በዘፈቀደ ቁጥር የሚጥል ፕሮግራም ነው፤ ሩጫው ለዓይን የሚሆን ሥዕል ነው። «ውጤቱን ተወውና ኦዱን አምጣ» አልኩት። ኦድ ማለት ፈረሱ ካሸነፈ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር ነው።

አምስት ፈረሶች እንውሰድ፤ ስም እኔ ላውጣላቸው። ዳማ 2.50፣ ቦራ 4.00፣ ጉራቻ 5.00፣ አምባላይ 5.00፣ ግራጫ 10.00። ስልክ ላይ ጉግል ሺትስ ከፍታችሁ ኤ ዓምድ ላይ ስም፣ ቢ ላይ ኦድ ትጽፋላችሁ። ሲ ላይ 1ን ለኦዱ ታካፍላላችሁ። ዳማ 40 ከመቶ ይወጣዋል፣ ቦራ 25፣ ጉራቻና አምባላይ 20፣ 20፣ ግራጫ 10። ሲ7 ላይ ሲደመር 115 ይመጣል።

የሚያሸንፈው አንድ ፈረስ ነው። የሁሉም ዕድል ተደምሮ ከ100 ሊያልፍ አይችልም። ታዲያ 15ቷ ከየት መጣች? ውርርድ ቤቱ ድርሻውን የሚያወጣባት ናት።

አሁን እያንዳንዱን ለ115 አካፍሉት። ዳማ ከ40 ወደ 34.8 ከመቶ ይወርዳል። እሱን በ2.50 ስታባዙት 0.87 ይሆናል። 100 ብር ስታስይዙ በአማካይ የሚመለሰው 87 ብር ነው ማለት ነው። ቦራም 87፣ ግራጫም 87። ይህ ቤቱ ድርሻውን በሁሉም ላይ እኩል ከጫነ ነው። በእውነተኛ ፈረስ ውርርድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ትልቅ ኦድ ያለው ደካማ ፈረስ ላይ ጠንከር ማለቱ ነው። «በ10 ብር 1,000 ብር» የምትለዋን ቲኬት የሚወድ ሰው ይህን ልብ ይበል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርሙላውን ወደ ታች ስትገለብጡ የድምሩ ሴልም አብሮ ይንሸራተታል። ባዶ ሴል ላይ ያርፍና ስህተት ይጽፍባችኋል። እኔ በዚህ ግማሽ ሰዓት አጥፍቻለሁ። ከ7 ቁጥር ፊት የዶላር ምልክት አስገቡ፣ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ከተማ ዶላር በነፃ የሚገኘው እዚያች ሴል ውስጥ ብቻ ነው።

«በዚህ ሀብታም የሆነ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። ቢል ቤንተር የተባለ አሜሪካዊ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በኮምፒውተር ሞዴል ብዙ ገንዘብ አግኝቷል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ራሱ ጽፎታል። የሚገርመው፣ የራሱን ግምት ብቻውን አላመነም። ተወራራጁ ሕዝብ በገንዘቡ ካወጣው ኦድ ጋር አዳቅሎ ነው የተጠቀመው። ደግሞም የሱ ፈረሶች ሥጋና ደም ነበሩ፤ ያለፈ ታሪክ፣ የተሸከሙት ክብደት፣ ጋላቢ ነበራቸው። እዚያ የሚመዘገብ ነገር አለ። የጎረቤቴ ልጅ ደብተር ውስጥ ግን ምንም አልነበረም።

በሉ ስልካችሁን አውጡ። ጠዋት ስመጣ ከአንድ ስክሪን ያነሳሁት ፎቶ ግድግዳው ላይ ይታያችኋል፤ ስምንት ፈረስ ነው። ኦዶቹን አስገቡና ደምሩ። ከ115 በላይ የመጣበት እጁን ያውጣ።