ደቻቱ እና የውሻው ክርክር፦ የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰላምታውን አሳጥራለሁ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ እንጨርስ።

ዘንድሮ ውሾች አስከትበናል፣ ቢሮውን ቀለም ቀብተናል። ዝርዝሩ ጸሐፊያችን ጋር አለ። እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለድሬዳዋው ወንዛችን ለደቻቱ ሰው አዳኝ ውሻ እናስመጣ የሚለው ክርክር።

ጥፋቱ የኔ ነው። አምና እዚሁ ቆሜ ስለ ጃክ አወራኋችሁ። በዌልስ፣ ስዋንሲ ውስጥ በታዌ ወንዝ ዳር የኖረ ጥቁር ውሻ። እ.ኤ.አ. በ1931 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከውሃ ጎትቶ አወጣ። በ1937 እስኪሞት 27 ሰው አድኗል ይባላል። ኒውፋውንድላንድ ስለሚባለው የውሻ ዘርም ጨመርኩላችሁ፤ ጣቶቹ መሃል ቆዳ አለው፣ ፀጉሩ ድርብ ነው፣ ውሃ አያስገባም። የፓሪስ ፖሊስ ሴን ወንዝ ዳር አሰማርቶት ነበር።

ታሪክ ነበር ያወራሁት። ግን "እኛም እናስመጣ!" ተባለና ስድስት ወር ተጨቃጨቅን። ያን ሁሉ ፀጉር ተሸክሞ የድሬን ግንቦት? አቦ፣ ለውሻውም እዘኑለት!

ደቻቱ ደግሞ ታዌ አይደለም። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እዚያ ውስጥ ውሻ መላክ ውሻውንም መግደል ነው።

ጣሊያኖች ውሃ አዳኝ ውሾች ያሠለጥናሉ፤ እውነት ነው። ግን ውሻው ብቻውን አይሠራም፤ አሠልጣኙም አብሮት ይዋኛል። ከእኛ መሃል ዋና የሚችል እስቲ እጁን ያውጣ። ... አያችሁ?

የክትባት ዘመቻው ገንዘብ አልቆ ግማሽ ላይ ቆመ። በእግራቸው ሰፈር ለሰፈር የዞሩት ወጣቶቻችን ግን ኮርተንባቸዋል፤ ምሳቸውን እንኳ አልቻልንላቸውም። ለወንዙ ዳር ልጆች ገመድና ፊሽካ እንግዛ ብንልም ሳጥኑ ባዶ ነው።

ውሻ ካልመጣ ብለው ጠረጴዛ የደበደቡት ዛሬ የሉም። ከሰዓት ስንጠራ በርጫ ነው፤ በጠዋት ስንጠራ እንቅልፍ። የዓመት መዋጮአቸውንም አልከፈሉም። አንዱን ስሙን አልጠራም። ቤቱ ደቻቱ ዳር ነው። ጎረቤቱ የሆናችሁ ስትመለሱ በሩን አንኳኩና ደረሰኙን ስጡልኝ፤ ፈርሜበት ገንዘብ ያዣችን ጋር አስቀምጫለሁ።